ምናገባህ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ

ለመሆኑ የውሻችን ስም ለማን ነው የወጣው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ተሸክሜው ኖሬአለሁ። አባቴን በጠየቅሁት ቁጥር «ለውሻው ነዋ!» ይለኛል። ይህ ውሸት መሆኑን ላስታ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በኛ አገር ለውሻው ተብሎ የወጣ የውሻ ስም የለም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ በኛ ሰፈር ግን ነገር በውሻ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሲቀየም ሽማግሌ አይልክም፤ ቡችላ ያሳድጋል። ከዚያ ጠዋት ማታ በሩ ላይ ቆሞ «ተው ስማኝ! ና፣ ተው ስማኝ!» እያለ ይጣራል። ውሻው ይመጣል፤ ነገሩም ይደርሳል። ቢከሰስ እንኳ ምን ይባላል? ውሻውን ነው የጠራው። ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖር አንድ ሰው ውሻውን «ይቅር በይኝ» ብሎታል። ውሻው ወንድ መሆኑን ስታዩ ነገሩ ለማን እንደተላከ ይገባችኋል።

የኛው ውሻ ስም ደግሞ «ምናገባህ» ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው የመጣው። የተማርኩት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ነገሩን በትምህርት ዓይን ልመለከተው ሞክሬ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አይሻም። ጎረቤት ግን ይሻል፤ የትኛውን ጎረቤት እንደሆነ ነው ያልደረስኩበት።

መከራው የወደቀው እኔ ላይ ነው። ዓይነ አፋር ነኝ። ዳቦ ቤት ገብቼ «ዳቦ አለ?» ከምል ቆሎ በልቼ ባድር እመርጣለሁ። እንዲህ ያለች ሰው መንገድ ዳር ቆማ «ምናገባህ!» ብላ ልትጮህ ነው? በፉጨት እንዳልጠራው ሴት ልጅ አታፏጭም ይሉኛል። ስለዚህ «ምናዬ» እለዋለሁ፤ እሱንም በሹክሹክታ። እሱ ደግሞ ሹክሹክታ አይሰማም፤ ወይም ይሰማና ይንቃል።

ሆኖም እንዋደዳለን። መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ እግሬ ላይ ይተኛል፤ ገጽ ስገልጥ አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ከዚህ የተሻለ አንባቢ ጓደኛ አላገኘሁም። መጨረሻውን አስቀድሞ አይነግረኝም።

እንግዲህ በቀደም እናቴ የማርያም ማኅበር ተረኛ ሆና ጠላዋን ስትጠምቅ፣ ምናገባህ አንድ የሞተ አህያ አገኘ። አግኝቶ ቢበላው በወደድኩ። ተንከባለለበት። ፀጉራም ነው፤ ፀጉሩ ደግሞ ተቋጥሮ ተቋጥሮ እንደ አሮጌ የሱፍ ባና ሆኗል። ውሃ ባፈስስበት ከላይ ከላዩ ወረደ እንጂ ቆዳው ጋ አልደረሰም። ሽታው ግን ሁሉም ጋ ደረሰ። እናቴ ወንፊቷን እንደያዘች ወጥታ ፍርዷን ሰጠች፦ «እስከ ማርያም ይህ ሽታ ከግቢዬ ይውጣ። ካልወጣ ውሻው ይወጣል! ኩልመስክ ያለው አጎትሽ ዘንድ ሄዶ በግ ይጠብቅ።»

ምናገባህ በግ ሊጠብቅ? በግ ሲያይ ከኋላዬ የሚደበቅ ውሻ ነው! ዓይነ አፋርነቱን ከማን እንደወረሰ እንድናገር አትጠይቁኝ።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። በቅሎዎች ከሚቆሙበት አጠገብ በቅርቡ አንድ ቤት ተከፍቷል፤ በሩ ላይ «የውሻና የበቅሎ የውበት ሳሎን» የሚል ጽሑፍ አለ። «የበቅሎ» የሚለው ቃል ኋላ የተጨመረ ስለሆነ በሁለቱ ቃላት መካከል ተጣቦ ቆሟል። ባለቤቱ ብርሃኑ የሚባል የጋሸና ልጅ ነው። አዲስ አበባ በሀብታም ቤት ውሾች ላይ ሙያውን ተምሮ መጣ። እንደከፈተ ሰዉ ሳቀበት፦ «እኛ ራሳችን መች ተስተካከልንና ነው ውሻ የሚስተካከለው!» ቢሉት ጊዜ በቅሎ ጨመረ። እንግዳ ጭኖ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም የሚወጣ በቅሎ ማማር አለበት ሲል የማይስማማ አልተገኘም።

ምናገባህን በገመድ እየጎተትኩ፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሄድኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ መሸፈኔ ከንቱ ነበር፤ ሽታችን ቀድሞን እየደረሰ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያየን ነበር። ስደርስ ጎረቤታችን አያ ዘውዱ የበቅሏቸውን ጋማ አስከርክመው ቆመዋል። እጅ ነስቼ ጥግ ያዝኩ።

ብርሃኑ ነጭ ጋዋን ለብሷል። የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን በዘይት ያብሳል። ምናገባህን ከጭራው እስከ አፍንጫው አየው፤ አፍንጫውን አልያዘም። ይህን ሳይ፣ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ወደድኩት። ከዚያ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ስሙ ማነው?» አለኝ። ስሙን ሳያውቅ ውሻ ላይ ቶንዶስ አያሳርፍም፤ ውሻ በስሙ ሲጠራ ይረጋጋል፤ የሙያው ደንብ ነው።

ምን ልበል? ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ «ምናገባህ» አልኩት።

ቶንዶሱ ቆመ። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን ያቀናች መሰለኝ። ብርሃኑ ከግንባሩ ጀምሮ ቀላ። «በጨዋ ደንብ ነው እኮ የጠየቅሁሽ፣ እህቴ» አለ። እኔ ኩልመስክ ከዓይኔ ፊት እየታየኝ፣ ነገሩን ላስረዳ ብዬ «እኔም እኮ በደንብ ነው የመለስኩልህ! ምናገባህ!» ብል አይብስ መሰላችሁ? ቶንዶሱን አስቀመጠና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። ሌላ ሙያተኛ ፈልጊ አለኝ። ሌላ ሙያተኛ! ከዚህ እስከ ደሴ ሌላ የውሻ ፀጉር አስተካካይ ካለ እኔ አላውቅም።

አያ ዘውዱ የበቅሏቸውን አንገት አቅፈው ይስቃሉ። እንባቸው ወረደ። አንድ ቃል ተናግረው ሊያድኑኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ተውኔት የሚያዩ ይመስል ተመቻችተው ቆመዋል።

ብርሃኑ ይሄኔ ንዴቱ ወጣና «ምናገባህ? እኔን ነው ምናገባህ የምትይኝ?» ብሎ ጮኸ። ምናገባህ በሕይወቱ በእንዲህ ያለ ጥሩ ድምፅ፣ ያውም ደጋግሞ፣ ተጠርቶ አያውቅም። ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ዘለለ፤ ሁለት እጁን ነጩ ጋዋን ላይ ጭኖ አገጩን ላሰው። ብርሃኑ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ውሻውን አየ፤ እኔን አየ፤ ቀስ ብሎ «ምናገባህ?» አለ። ጭራው ተወዛወዘ። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን። እኔ ከማላውቀው ወንድ ጋር ስስቅ!

አያ ዘውዱ እንባቸውን ጠርገው ቀረቡ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ስም እኮ የኔ ነው» አሉኝ፤ የወለዱትን ልጅ የሚያስተዋውቁ ያህል ኮርተው። «አንቺ ትምህርት ላይ እያለሽ አባትሽን፦ ልጅህ መጽሐፍ ስታገላብጥ ልታረጅ ነው፤ መች ነው የምታገባው? አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቡችላ አመጣ። እኔ መች አነስኩና? እኔም አመጣሁ።» የአያ ዘውዱ ውሻ ስም «እናያለን» ነው። ዝናብ በዘገየበት ዓመት የመጣ ስለሆነ ነገሩ ስለ ዝናቡ ይመስለኝ ነበር!

የልቤን ጥያቄ መልስ እንዲህ በበቅሎ ጋማ ሥር አገኘሁት። አባቴ፣ ያ ዝምተኛው ሰውዬ፣ በየማለዳው ስለ እኔ ይከራከር ኖሯል። ፊት ለፊት «አንቱ» የሚላቸውን ሰው በውሻ በኩል «አንተ» እያላቸው! አያ ዘውዱ ግን አልተቀየሙም። «አባትሽ ሲጣራ አቤት ልል ይቃጣኛል» አሉና በቅሏቸውን ይዘው ሄዱ።

ብርሃኑ ሥራውን ጀመረ። «ምናገባህ፣ አንገትህን ቀና» ይላል በለስላሳ ድምፅ። «ምናገባህ፣ እግርህን።» ያ ስም እንዲህ ሲጠራ ስድብ ይመስላል? እንጉርጉሮ ይመስላል እንጂ። ፀጉሩ እየተከመረ ሄደ፤ ውሻው እያነሰ ሄደ። ግማሹ ውሻ ፀጉር ኖሯል። በሻምፖ ሲታጠብ ደግሞ ዳማ ነው ስንለው የኖርነው ውሻ ነጭ ሆኖ ተገኘ። እንደ ሴት ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ያስቀምጠው ይሆን ብዬ ስጠብቅ በፎጣ አደረቀው።

በመጨረሻ ብርሃኑ ሚዶውን እያራገፈ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ለመሆኑ ባለቤት አለ?» አለኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ባለቤት የሌለው የሰፈር ውሻ መሰለው? ትንሽ ከፋኝና፣ በሕይወቴ ተናግሬ በማላውቀው ድፍረት፣ «አለ እንጂ! እንዴት ባለቤት አይኖርም?» አልኩት። «መልካም ነው» አለ። ገመዱን ሲያቀብለኝ «በየወሩ ይምጣ፣ እትዬ» አለኝ። ስገባ እህቴ ነበርኩ፤ ስወጣ እትዬ ሆንኩ። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ እናቴ «ሂድ ከዚህ! የማን ውሻ ነው?» ብላ ድንጋይ አነሳች። ጭራውን ሲቆላላት ድንጋዩን ጣለች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ የራሷን እንጀራ ቆርሳ ሰጠችው። ኩልመስክ ቀረ ማለት ነው።

የማርያም ዕለት ማኅበርተኛው ሁሉ ውሻውን አደነቀ። እናቴም «ባለቤቴ ያመጣው ነው» አለች ኮራ ብላ።

ባለቤቴ!

የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ባለቤት! የአማርኛ ምሩቅ ነኝ እኮ! ብርሃኑ ስለ ውሻው አልነበረም የጠየቀው። እኔም ያለ ሠርግ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በአንድ አፍ «አለ እንጂ» ብዬ ተድሬ መጣሁ።

ይህን እያሰብኩ አባ፣ የነፍስ አባታችን፣ ውሻውን በመቋሚያቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህ ያማረ ውሻ ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ ጣራውን አየ። ለካህን «ምናገባህ» ሊባል ነው? ኩልመስክ እንደገና ከበር ቆመ። «ስሙ ሊለወጥ ነው፣ አባ» አልኩ። «ማን ሊባል?» «ገና አልተወሰነም።» «በሉ ቤቱን ጠበል ልረጭ ስመጣ ትነግሩኛላችሁ» አሉና ጠላቸውን ተጎነጩ። እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ ሁለት ትእዛዝ አወጣች። ውሻው በየወሩ ይታጠብ፤ ሰው ፊት የሚጠራበትም ስም ይውጣለት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ የተማርሽው፤ አንቺ አውጪለት» አለኝ።

ብዙ መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ የሚሆን ስም ከመጽሐፍ አልተገኘም። ያወጣሁለት ስም ለአያ ዘውዱ ተገቢ መልስ ነው፤ አባም ቢሰሙት የሚያስቀጣ ነገር የለበትም። ወሩ ሲሞላ ውሻዬን ይዤ፣ ፊቴን ሳልሸፍን እሄዳለሁ። ብርሃኑ አዲስ ስም እንደወጣለት ስነግረው «ማን ተባለ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በቅሎዎቹ እስኪደነግጡ ጮክ ብዬ ልነግረው ወስኛለሁ፦ «አላገባሁም!»