ለቆብ የተለካ ጭንቅላት

እኛ አገር የልጅ ዕድሜ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ መልሱን ማመን ነው። እናቴ እኔን የወለደችኝ አንበጣ በመጣበት ዓመት ነው። የትኛው አንበጣ? እሱን አትጠይቋት። አንበጣው ደጋግሞ ስለመጣ፣ ደስ ሲለኝ ስልሳን ገና ያለፍኩ ነኝ፤ ሲከፋኝ ሰባ ይቀርበኛል። እንዲህ በጎረቤት መሃል ሲሆን ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የተማረ ሰው መጥቶ ከቁም ነገር ሲቆጥረው ነው።

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ላይ መምህርት ነበርኩ። አንድ ቀን በኮረም በኩል አንድ ላንድሮቨር መጣ፤ ከአዲስ አበባ ዶክተር ይዞ። የሚያክም አይደለም፤ የሚያጠና ነው። የልጅ አእምሮ መቼ ይበስላል፣ የወንዱና የሴቷስ እኩል ይሄዳል ወይ ብሎ ነው ያን ሁሉ አቧራ የበላው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ዛሬም አይከፋኝም። ሰውየውም ትሑት ነበር። ብቻ የዋግን ቋንቋ፣ ኽምጥኛን፣ አያውቅም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ይዞት የመጣው ዕቃ ጉድ ነው። ባለቀለም የእንጨት ኩቦች፣ ተቆራርጠው የሚገጣጠሙ ሥዕሎች፣ የሩጫ ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር። ሜትሩ ለጭንቅላት ነው፤ ዙሪያውን ይለካና ይጽፋል። ምን እንደሚያመጣበት ቢያውቅ ሜትሩን ኮረም ጥሎት በመጣ ነበር።

ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነዋ። ጎረምሳ ገበያ እንደወጣ ይቀራል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ በዚህ ሰሞን የመንግሥት ሰው መጥቶ የልጃችሁን ጭንቅላት ልለካ ቢል ምን ትላላችሁ? እናቶች ወዲያው ገባቸው። ለወታደር ቆብ ነው።

በማግስቱ የሰቆጣ ወንዶች በሙሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኑ። ጢሙ ያጎነቆለው አሥራ አንድ። ክንዱ ማረሻ የሚያነሣው አሥራ አንድ። ዶክተሩ ያንዱ ድምፅ ለምን እንዲህ ጎረነነ ብሎ ቢጠይቅ፣ እናቱ ጉንፋን ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ አልለቀው ብሏል አለች።

ሴቶቹ ደግሞ ባንድ ሌሊት አደጉ። ብዙዎቹ ታጭተዋል፤ ቀበሌው ደግሞ ልጅ አትዳሩ እያለ ያስፈራራል። ስለዚህ የታጨች ሁሉ አሥራ ስድስት ናት። ብርቄ የምትባል ተማሪዬ የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር። አባቷ አቶ ኪዳኑ፣ አህያ ረግጧት ነው አሉ።

ውጤቱን ለመገመት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። የአሥራ አንድ ዓመቶቹ ጎረምሶች ኩቡን እንደ ጨዋታ ደረደሩት። የአሥራ ስድስት ዓመቶቹ ሕፃናት ላባቸው ጠብ አለ። የዶክተሩ ፊት ዕለት ዕለት እየበራ ሄደ። የወንድና የሴት አእምሮ እንዲህ ሲራራቅ የትም አልታየም አለኝ። እኔም አልታየም አልኩት።

ሁሉም ተማሪዎቼ ናቸው፤ ማን መቼ እንደተወለደ አውቃለሁ። የወንዶቹን ብናገር ለአፈሳ አሳልፌ መስጠቴ ነው። የሴቶቹን ብቻ ባወጣ የወንዶቹም መከተሉ አይቀርም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ ዝንብ አልገባብኝም።

ብርቄ የፈረሱን ሥዕል ገጣጥማ ስትጨርስ፣ ይሄ የኛ አገር ፈረስ አይደለም፣ እንዲህ የወፈረው ሲሠራ አይውልም ያለች ልጅ ናት። ክፍሏ ውስጥ የሚቀድማት አልነበረም። አባቷ ቢያጯትም ስድስተኛን ሳትጨርስ እንደማይድሯት ደጅ ጠንቼ ቃል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ቀን አቶ ኪዳኑ ጋቢያቸውን አደግድገው ዶክተሩ ፊት ቆሙ። «ጓድ ጌታዬ» አሉ፣ አንዱ እንኳ ቢስት ሌላው እንዲያገኝ። ይቺ ልጄ ለትምህርት ትሆናለች ወይ ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ ወረቀቱን አየ እንጂ ልጅቷን አላየም። ለአሥራ ስድስት ዓመት አእምሮዋ ወደኋላ የቀረ ነው፤ በቀለም ባትደክም፣ የእጅ ሥራ ብትለምድ ይሻላል አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገባችን ተቀምጧል። ብርቄ ከአባቷ ኋላ ቆማለች። ተረጎምኩ። አንዲት ቃል አላጎደልኩም።

አቶ ኪዳኑ ክው አሉ። ዕድሜዋን ራሳቸው ቀጥለውባት፣ ለዕድሜዋ አነሰች ሲባሉ ከልባቸው አዘኑ። በራሱ ውሸት እንዲህ የተታለለ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። «አቶ ኪዳኑ፣ ልጅቷ ገና አሥር ዓመቷ ነው። የጨመሩባት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ዕድሜዋን ጨመርኩ። አእምሮዋን ግን እኔ አልለካሁትም፤ የለካው የተማረ ሰው ነው።»

«የተማረው ሰው እኮ የነገሩትን ነው የያዘ።»

«አንቺም የተማርሽ ነሽ፤ አብረሽው ዋልሽ። ታዲያ ስህተት ከሆነ እዚያው አትነግሪውም ነበር?»

ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ።

ብርቄን ቆላ፣ ኒሯቅ የሚባል አገር ዳሯት። ብዙም ሳይቆይ የወታደር መልማዮች ሰቆጣ ገቡ። ዕድሜ የጠየቀ አልነበረም፤ ቁመት እያዩ ወሰዱ። እኔ ዝም ያልኩላቸው አሥራ አንድ ዓመቶች ከመኪናው ላይ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ሲዋሽ አንዲት የውሸት ቃል ያልወጣኝ እኔ ነበርኩ። ከሁሉም የባሰ የጎዳሁትም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዓመታት በኋላ ብርቄን ሰቆጣ ገበያ አገኘኋት፤ ልጅ አዝላ፣ ሁለት ፍየል እየጎተተች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያ ጭንቅላት የሚለካው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ምነው አልኳት።

«ከመጣ ይላኩብኝ፣ እትዬ» አለች፣ ፈገግ ብላ። «አሥራ ስድስት የሞላኝ አሁን ነው።»