ክቡር አንኳኪው

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ አንኳኪ አይጠፋም። ስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ሸሚዙም ከሱሪው ወጥቶ ይውላል። ሲስተም ቆሞ ሁላችንም ስንራወጥ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ ያችን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት መስመር ይጽፋል። «እስቲ አንዴ ላንኳኳት» ይላል። አለቀ።

የእኛ ሆስፒታል ክቡር አንኳኪ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። ምን እደብቃለሁ? እኔ አራት የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ የሰቀልኩ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። እሱ ያለው ቴልኔት የምትባል፣ በዕድሜ ሁለታችንንም የምታስከነዳ ትእዛዝ ናት። የሰርቨሩን አድራሻ ይጽፍና የፖርቱን ቁጥር ይጨምርበታል። ፖርት ማለት ቁጥር ያለው በር ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚገባበት የራሱ በር አለው። ከተከፈተለት «አለች» ይላል፤ ካልተከፈተለት «የለችም»። ለዚህች ዲስኩር ነው እንግዲህ ሕንፃው በሙሉ የሚሰግድለት።

አንድ ቀን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሲስተም ቆመባት። እኔ ግማሽ ቀን ጠረጴዛዋ ሥር ተንበርክኬ ገመድ ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ አንኳኳና «በሩ ክፍት ነው፤ ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺው» አላት። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ እንኳ የለም፤ «ያ የሚያንኳኳው ገብቷል?» ነው የምትለኝ። ባለቤቴ ሳትቀር የቤታችን ዋይፋይ ሲጠፋ «ለእሱ ለምን አትደውልለትም?» አለችኝ። በገዛ ቤቴ። እራቴን ትቼ አኮረፍኩ።

ባለፈው ሰኞ የክፍላችን ኃላፊ ሊሾም ነበር። እጩዎቹ እኔና እሱ ነን። በዚያው ጠዋት የላብራቶሪ ውጤት ወደ ዋርዶቹ መድረስ አቆመ። ስልኩ ፋታ አጣ፤ ሥራ አስኪያጇም መጥተው ከኋላችን ቆሙ። እኔ ፈጠን ብዬ ፒንግ አደረግሁ፤ ሰርቨሩን «አለህ?» እንደማለት ነው፤ መለሰልኝ።

«ኔትወርኩ ሰላም ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ችግሩ የላብራቶሪው ፕሮግራም ነው።»

«አንተ ያወቅከው ሰውየው ቤት መኖሩን ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሩን ደግሞ እንየው። እስቲ አንዴ ላንኳኳት።»

አንኳኳ። ጠበቀ። «የለችም።»

ከዚያ የትኛውን በር ማን እንደዘጋ የሚያሳየውን የፋየርዎል መዝገብ ከፈተ። ያኔ ትዝ አለኝ። ለሹመቱ ትጉህ መስዬ ልታይ ብዬ፣ ዓርብ ከሰዓት አገልግሎት የማይሰጡ የመሰሉኝን ፖርቶች ጠራርጌ ዘግቼ ነበር። አንዷንም ሳላንኳኳ። መዝገቡ ላይ የእኔ ስም ቁጭ ብሏል።

«ማነው የዘጋው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

«እኛ ነን» አለ ፖርቷን ከፍቶ የመዝገቡን መስኮት እየዘጋ። «ዓርብ ስናጸዳ አብረን ዘግተናታል። ይኸው ከፈትናት።»

እኛ አለ። እኔ ብሆን ኖሮ «እሱ ነው» ለማለት አፌን አይዘኝም ነበር። ይህን ማወቄ ከስድስቱ ዓመት ቅናት ሁሉ በላይ አንገበገበኝ።

ሥራ አስኪያጇን ተከትዬ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። «የዘጋሁት እኔ ብቻ ነኝ» አልኳቸው። «ሹመቱም የሚገባው ለእሱ ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «እሱ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ቢሮዬ መጥቶ ለአንተ ነው የሚገባው ብሎኝ ሄደ» አሉኝ።

ይኸው፣ በዚህም ቀደመኝ።