ባዮሎጂ በምሳ ዕቃ

ሸዋረጋ መርዶውን የሰማችው ሰርቨሩ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣውን መልእክት ስታነብ ነው። መልእክቱ እንደ ወትሮው አንድ ቃል ነበር፤ «ተሳክቷል»። ቀና ስትል ሥራ አስኪያጁ ታዴዎስ በሩ ላይ ቆሟል። ከመዝጊያው ጀርባ የምትሰቅለውን ነጠላዋን በእጁ ይዟል።

«ሸዋዬ፣ ይችን ደረብ አድርጊና እንውጣ» አላት።

አለቃ የሠራተኛውን ነጠላ ይዞ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም። «ማነው?» አለች።

«ዱሬሳ። እንደተኛ ነው አሉ።»

ነጠላውን ተቀበለችና ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ደረበችው። ያን ጊዜ አፏ ላይ የመጣውን ነገር ለማንም አልተናገረችም። የመጣባት «የዛሬውን መልሶ አይቶት ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማያምን ሰው አለ። እናንተም ዘንድ አለ፤ ዞር ብላችሁ እዩ። ጾሙን የሚጾም፣ ጸሎቱን የሚያደርስ ሊሆን ይችላል፤ የማያምነው ማሽንን ነው። ኮምፒውተሩ «አስቀምጫለሁ» ሲለው «የት?» ይላል። «እዚህ» ሲለው «ከዚህ ሌላስ?» ይላል። ጤነኛ ሰው ሥራውን ጨርሶ ታክሲ ሊሰለፍ ሲሮጥ፣ እሱ ቢሮው ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ፣ ጎርፍ ቢገባበት እያለ ያሰላል። ሁሉም ይሰለቸዋል፤ የሚያመሰግነው የለም። እንዴትስ ይመሰገናል? የሥራው ፍሬ ያልደረሰ ጥፋት ነው። ያልደረሰ ጥፋት ደግሞ አይታይም።

የካ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው አንድ የኪራይ ቪላ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ሊቀ ባክአፕ አቶ ዱሬሳ ነበሩ። ቪላው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በድምፅ የሚቀርጽ የአንድ ትንሽ ማኅበር ቤት ነው። አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሸዋረጋ ቀረጻውን ታርማለች፤ ሳሉን፣ የውሻ ጩኸቱን፣ የጎረቤት ማይክራፎኑን ቆርጣ ታወጣለች። ዓይነ ስውሩ መምህር ቶሌሳ ደግሞ ተማሪው እጅ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የዓመታት ልፋታቸው ሁሉ የሚከማችበትን ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚጠብቀው ዱሬሳ ነበር። ባክአፑንም፣ ማለትም ሰርቨሩ ቢሞት የሚተካውን ቅጂ፣ የሚይዘው እሱ ነው።

«ባክአፕ አለን» የሚል ሰው ፊቱ ቆሞ በሰላም አይሄድም። «መልሰህ አይተኸዋል?» ይለዋል። ሴት ከሆነች «መልሰሽ አይተሽዋል?» ትልቅ ሰው ከሆኑም «መልሰው አይተውታል?» በአክብሮት። ዋናው ጠፋ ብለህ፣ ቅጂውን ወደ ባዶ ቦታ መልሰህ፣ ከፍተህ ሰምተኸዋል ወይ ማለቱ ነው። ካልሰማኸው ያለህ ቅጂ ሳይሆን ተስፋ ነው።

የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጩን ጥግ አስይዞ፣ «ካርዱ ቢበላሽብህ ሙሽሮቹን እንደገና ልታጋባ ነው?» ብሎት ሰውዬው ኬኩ ሲቆረስ ሳይቀርጽ ቀርቷል። ዣንጥላ አንድ ቢሮ፣ አንድ ቤት አለው፤ ሦስተኛውን ሸዋረጋ ቤት አስቀምጦታል። «ቢሮውና ቤቴ በአንድ ቀን ቢዘረፉስ?» ባሏ ያን ዣንጥላ ባየ ቁጥር «የሊቁ ንብረት» እያለ አንድም ቀን ዝናብ አሳይቶት አያውቅም።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም!» እያለም ይተርት ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ቶሌሳ ፊት ደገመው።

«እኛስ አቶ ዱሬሳ?» አለ ቶሌሳ፣ የጆሮ ማዳመጫውን እያወለቀ። «ሁለቱም ለሌሉን አፈሩ ተፈቅዷል?»

ዱሬሳ ደነገጠ። «አንተማ ጆሮህ ሁለት ነው። ባክአፕ አለህ» አለው። ቶሌሳ ይህን ለተማሪዎቹ ሁሉ ነገረ።

የባክአፕ ሶፍትዌሩን ሰርቨሩ ላይ የተከለ ሰሞን እንደ አራስ ጠያቂ ከዚያ ክፍል አልጠፋም። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ያጉረመርማል፤ ዱሬሳም በአማርኛ ይመልስለታል። «ፈቃድ የለህም? እንዴት ነው ፈቃድ የሌለኝ? የተከልኩህ እኔ!» በመጨረሻ ታረቁ። ሰርቨሩ በየማታው አጠገቡ ወዳለው ዲስክ እንዲገለብጥ፣ ጠዋት ጠዋትም በአማርኛ «ተሳክቷል» ብሎ ለእሱና ለሸዋረጋ እንዲጽፍ አደረገው። ሸዋረጋን ለምን እንደጨመራት ስትጠይቀው፣ «እኔስ ባክአፕ አያስፈልገኝም?» አላት። ያን ጊዜ ሳቀች።

ሁለተኛው ዲስክ ዓርብ ዓርብ እንጦጦ ይወጣ ነበር። ዱሬሳ ቤቱ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ ነው። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ ምሳ ዕቃው ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከሽሮ ሜዳም ሌላ ሚኒባስ፣ የቀረውን በእግር። ታዴዎስ ይህን ባየ ቁጥር ራሱን ይይዛል።

«ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ክላውድ ላይ ወጥቷል፤ አንተ በምሳ ዕቃ ትመላለሳለህ!»

«ኔትወርኩ ዛሬ መጥቶ ነገ ይቀራል። እንጦጦ የትም አይሄድም። ጎርፍም ሽቅብ አይወጣም።»

አንድ ዓርብ ታክሲው ሲፈተሽ ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን አስከፈተው።

«ይኼ ምንድነው?»

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው፣ ጌታዬ። ሌላም ትምህርት አለበት።»

«በምሳ ዕቃ?»

«ሌባ የሰው ምሳ አይሰርቅም ብዬ ነው።»

«ምሳህስ?»

«እሱ ቅጂ የለውም። በልቼዋለሁ።»

ባዮሎጂውን ያስቀደመው በከንቱ አይደለም፤ አንባቢው ራሱ ነበር። ፈቃደኛው በቀረ ጊዜ ፈተና ደርሶ ስለነበር ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ። እንዴት ያለ አንባቢ! ቅጠሉንም ሥሩንም እንደ ክስ ማመልከቻ ነው ያነበባቸው። ምዕራፉ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ከልማዱ የተነሣ «ተሳክቷል» ይላል። ሸዋረጋ እየሳቀች ትቆርጠዋለች፤ በሚቀጥለውም ይደግመዋል።

ታላቁ ጦርነት ግን ከሶኬት ጋር የተደረገው ነው። ሰርቨሩ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድም ይሠራል። የማታው ዲስክ ግን ለብቻው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጥበቃው ጋሽ ኃይለ መስቀል ደግሞ የዚህ ከተማ ሰው ናቸው፤ መብራት ሲሄድ፣ ሲመለስ በኃይል መጥቶ እንዳያቃጥል፣ ያገኙትን ሁሉ ይነቅላሉ። ዲስኩንም ነቀሉት። መብራቱ ሲመጣ ማቀዝቀዣውን ሰኩ፣ የሻይ ማፍያውን ሰኩ፤ ዲስኩን ረሱት።

ሰርቨሩ ማታ ቅጂውን ሊያስቀምጥ ሲሄድ ዲስኩ የለም። የዲስኩ ስም ያለበት ባዶ ማኅደር ግን አለ። ሊኑክስ ታዛዥ ነው፤ «ባለቤቱ የለም» ብሎ አይመለስም። ቅጂውን እዚያው ራሱ ሆድ ውስጥ፣ ከዋናው አጠገብ ከመረውና ጠዋት «ተሳክቷል» ብሎ ጻፈ። ወርቅን ሌባ እንዳያገኘው ከትራስ ሥር አንሥቶ ፍራሽ ሥር እንደመደበቅ ነው። በማግሥቱም «ተሳክቷል»። በማግሥቱም።

ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ዛሬ እንደተሳካለት በኖረ። ሊቀ ባክአፕ ግን ሰኞ ሰኞ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንድ መጽሐፍ መልሰው ካልሰሙ ሻይ አይጠጡም። ያን ሰኞ ሊነቅሉት ቢያጎነብሱ ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ኮራ ብለው። «ልጄ፣ ተቃጠለ ብለህ ልታለቅስ ነበር እኮ!»

«ጋሼ፣ ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር። የተቃጠለ ይሸታል። ይኼ ግን ጥርሱን እየፋቀ ይዋሻል።»

ባትሪ ለዲስኩም ገዛለት። ከዚያም ዲስኩ ላይ አንዲት ባዶ ፋይል አስቀመጠ፤ ስሟን «አለሁ» አላት። ሰርቨሩ በየማታው ከመገልበጡ በፊት እሷን ይፈልጋል። ካገኛት ዲስኩ ቤቱ ነው ማለት ነው፤ ካጣት ምንም ሳይነካ ይጮኻል።

በቀብሩ ማግሥት ሸዋረጋ መልእክቱን ከፈተች። «አልተሳካም» ይላል። «አለሁ አልተገኘም።»

ጋሽ ኃይለ መስቀል ከእሷ በፊት ሶኬቱ ጋ ደረሱ። «እኔ አይደለሁም! በማርያም፣ እጄም አልደረሰ!» እውነታቸውን ነው፤ ተሰክቷል። የሞተው ዲስኩ ራሱ ነበር። ብትነቅለው ብትሰካው አልተነሣም።

ታዴዎስ ደግሞ በዚያው ሳምንት ማኅበሩን ይዞ ቤት ሊለቅ ነው። አከራይዋ ቪላውን ፈልገውታል፤ ሲ.ኤም.ሲ አፓርታማ ተከራይቷል፤ ፒክአፕም ተነጋግሯል።

«ሰርቨሩ ደህና አይደል እንዴ? በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከኋላ እንጭነዋለን» አላት።

«አይነቃነቅም» አለች ሸዋረጋ።

«ምን?»

«አሁን ያለን እሱ ብቻ ነው። ከዚህ እስከ ሲ.ኤም.ሲ ስንት ጉድጓድ እንዳለ ታውቃለህ? አንዱ ይበቃዋል። ልጆቹ በምን ሊፈተኑ ነው?»

«እንጦጦ ያለው አለልን።»

«መልሰህ አይተኸዋል?»

ይህን ያለችው ሳታስበው ነው። «ሸዋዬ፣ አንቺም?» አለ ታዴዎስ።

«አዎ፣ እኔም። የእንጦጦው ወርዶ፣ መልሼ፣ ቶሌሳ ሰምቶት፣ ከዚያ ትጭናለህ።»

«ለቅሶ ቤት ገብተሽ ዕቃ ልትጠይቂ? ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ? ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው። እጠይቃለሁ።»

ወንበር ስባ የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኃይለ መስቀልም ማንም ሳይጠራቸው ከዘራቸውን ይዘው አጠገቧ ቆሙ። ታዴዎስ ሁለቱን አየና ለፒክአፑ ሰውዬ ሊደውል ወጣ።

በሠልስቱ እንጦጦ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ሰው የሚለውን አለች፤ አለቀሰችም። እንዴት አድርጋ እንደምትጀምር ስታስብ አንዲት የጎረቤት ሴት ንፍሮ ይዛ መጣች። ንፍሮው ያለው የዱሬሳ ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው።

ሸዋረጋ ምሳ ዕቃውን አወቀችው። ዕቃ ሲያጥር ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ያገኙትን አጥበው ማውጣታቸው ነው፤ የማንም ለቅሶ ቤት ወግ ነው። ውስጡ የነበረውስ? ታጠበ? ተጣለ? ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እህቱ ሀዊ ከል ለብሳ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ሀዊዬ፣ ይቅር በይኝ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ምሳ ዕቃው ውስጥ የነበረው ጥቁሩ ዕቃ...»

«ባዮሎጂው?» አለች ሀዊ።

ሸዋረጋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሀዊ ከአንገቷ ቁልፍ አውጥታ ሳጥኑን ከፈተች። ከጋቢ ሥር፣ በዚያው ፎጣ እንደተጠቀለለ አወጣችው። «ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ ይችን አውጪ፣ ቀጥሎ እኔን ይለኝ ነበር። ሰዎቹ መሞቱን እንደነገሩኝ መጀመሪያ ያወጣሁት ይኼን ነው» አለች። «ለምን ዘገዩ ስል ነበር እኮ። እሱ ቢሆን በማግሥቱ ይመጣ ነበር።»

«እኔ መጣሁ» አለች ሸዋረጋ።

ሀዊ ምሳ ዕቃውን ከጎረቤቷ አስመጥታ ንፍሮውን ገለበጠች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችውና ዲስኩን ራሷ ከተተችው። «ያለዚህ አይወርድም። ታክሲ ላይ የሚያውቁት በዚህ ነው» አለች።

አሁን የቪላው ክፍሎች ባዶ ናቸው። ጠረጴዛውም መደርደሪያውም ሲ.ኤም.ሲ ሄዷል፤ ሰርቨሩ፣ አንድ ወንበርና ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀርተዋል። ሸዋረጋ አዲስ ዲስክ ተክላለች፤ «አለሁ» የምትለዋንም ፋይል በእጇ ጽፋበታለች። የእንጦጦውን ቅጂ ወደ ባዶ ቦታ መልሳ እየከፈተች ቶሌሳ ይሰማል። ታሪኩ ተሰማ። ጂኦግራፊው ተሰማ። የአፋን ኦሮሞውም ከሥር እስከ ጫፉ ተሰማ።

ታዴዎስ በየቀኑ ይደውላል። «አከራይዋ እኔን ሊበሉኝ ነው! አለቀ?»

«ባዮሎጂ ይቀራል።»

«ክፈቺዋ ታዲያ!»

«እከፍተዋለሁ። ሳይሰማ ግን አይጫንም።»

ቶሌሳም አልቸኮለም። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ «ነገ እንስማው» ይላል፤ እሷም «ነገ» ትላለች። ዱሬሳ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ «ተሳክቷል» ያለውን ቆርጣው እንደሆነ ልታስታውስ ትሞክራለች፤ አታስታውስም።

ሰርቨሩ አሁንም የካ ነው። ባዮሎጂ አልተከፈተም።