ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

«ኤሌክትሪካል ተመርቀሻል አይደል? ታዲያ ይሄ አምፕሊፋየር ምን ሆኖ ነው የሚጠፋብኝ?»

እንዲህ ያሉኝ ፍኖተ ሰላም ጎረቤታችን የሆኑት ጋሽ አለሙ ናቸው። ዕቃቸውን እንደ አራስ የሚንከባከቡ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሳቸው አምፕሊፋየር በብርጭቆ አምፖል የሚሠራ የድሮ ነው። አምፖሎቹ እስኪሞቁ እንግዳ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የአምፖሎቹን እግር በጥጥና በአረቄ ይወለውላሉ፤ ያውም ለእንግዳ በማይቀዱት አረቄ።

ይሁን። ግን እላዩ ላይ ዳንቴል አለ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ በእጃቸው የሠሩት፣ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ ነጭ ዳንቴል። አምፕሊፋየሩ ሲከፈትም አይነሳም። አምፖል ደግሞ ይግላል፤ አየር ይፈልጋል። በቀትር ጋቢ ለብሶ ማን ይጨፍራል?

እሁድ የልጃቸው መልስ ነው። ጋሽ አለሙ የኪራይ ስፒከር ቤቴ አይገባም ብለው ምለዋል። ሐሙስ ሲሞክሩት አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ጠፋ። ከጅጋ የመጣው ጠጋኝ ዳንቴሉን በክብር ገለጠ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ ከዚያ በክብር መልሶ አለበሰው። ምን ያድርግ? እኔም ብሆን አፌን ይዣለሁ። እትዬ እዚያው ቁጭ ብለው ለስፒከሮቹም ዳንቴል እየሠሩ ነበራ።

ቅዳሜ እንደገና ጠፋ። ጋሽ አለሙ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። እትዬ ኪሮሻቸውን አቁመው አዩኝ። አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚች ደቂቃ ነው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩ ደህና ነው። ታፍኖ ነው፤ የእትዬን ዳንቴል ያውልቁለት።»