የሳሙና ፋብሪካው ኮምፒዩተር አሻጥር

ሰው ያልገባው ዕቃ ሲበላሽበት መጀመሪያ በጥፊ ይለዋል፤ እምቢ ሲለው ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሬዲዮ ስታንኮራፋ ጎኗን ያልመታ ማን አለ? በእኛ ዘመን ግን ከሬዲዮዋ ቀጥሎ ተራው የሰው ነበር።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ስሙን በማልጠራው የሳሙና ፋብሪካ፣ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነበርሁ። በከተማው ስንት ኮምፒዩተር ኖሮ! የምራመደው እንደ ጳጳስ ነው። የወሩን የምርት ሪፖርት የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፍሁት ራሴ ነኝ፤ ዓመት ሙሉ አስነጥሶት አያውቅም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣና ለኮምፒዩተሩ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነለት። የማሽኑ ገዢ በሉት፤ ፕሮግራሞቹ ሕዝቡ ናቸው። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ አየነው አስጨበጨቡን። እንግዳው ወደ ጎንደር ጉዞውን ቀጠለ፤ ሐሙሲት ሳይደርስ የእኔ ፕሮግራም ክልትው አለ።

አስነሣሁት፤ ሠራ። ደግሞ ሞተ። አንዴ ሲደምር፣ አንዴ ሲያትም፣ አንዴ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ባለበት! ቁጥር የሚያስገቡልኝ ወይዘሮ ዘውዴ በሞተ ቁጥር ኪዳነ ምሕረትን እየጠሩ ከወንበራቸው ይዘላሉ። እኔስ ብትሉ ክው ብዬ ቀረሁ፤ ወባ እንኳ የሚነሣበት ሰዓት አለው እኮ! የጣና ወበቅ ነው ብዬ መስኮት ከፈትሁ፤ መብራቱ ነው ብዬ ገመድ ቀየርሁ። ወይ ፍንክች!

ጓድ አየነው ይህን ሰምተው፣ ማሽን ያለ ሰው እጅ አይሞትም፣ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ቅዳሜ በውይይት ክበብ አሻጥረኛው ይጋለጣል አሉ። ጉድ ፈላ! ማሽኑን የምንነካው እኔና ወይዘሮ ዘውዴ ብቻ ነን፤ እሳቸው ደግሞ የልጆች እናት። በዚያ ቃል ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ፈተንሁት። ፕሮግራሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ማሽኑ ያው፤ አዲስ የገባው ሲስተሙ ብቻ። የድሮውን ዲስክ አውጥቼ መልሼ ጫንሁ፤ ሪፖርቱን እያንዶቆዶቀ አወጣው። አዲሱን ብመልስበት፣ ወዲያው ድርግም!

ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ እንዴት ብሎ! ለጓድ አየነው ምን ልበላቸው? “አዲሱ ገዢ ነው ሕዝቡን የሚጨርሰው፤ መድኃኒቱ የድሮውን መመለስ ነው” ልበል? ይህን በስብሰባ እጁን አውጥቶ ለሚናገር ሰው እናቱ ቀድማ ታልቅስለት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ፣ ለማንም ሳልተነፍስ የድሮውን ጭኜ ተውሁት።

ቅዳሜ ስብሰባው እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ተዛወረ፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ያያል። ወይዘሮ ዘውዴ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። ሪፖርቱ ከዳር እስከ ዳር ታተመ። አንዴም አልሞተም! ጓድ አየነው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ አሻጥረኛው በሕዝቡ ንቃት ደንግጦ እጁን ሰብስቧል፣ አዲሱ ሲስተም ከአሮጌው እንደሚልቅም ዛሬ በተግባር ተመሰከረ አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። ለተገኘው ድል ምስጋና ይገባኛልና፣ ይህንኑ አዲስ ሲስተም በክፍለ ሀገሩ ባሉ ፋብሪካዎች ሁሉ እየዞርሁ እንድጭን፣ ከእንግዲህ አንድ ፕሮግራም ቢሞት ግን ተጠያቂው እኔ እንድሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ ስላችሁ፣ የእኔም እጅ ወጥቷል።