ልጣጭ አለ?

ጡረታ የወጣ ወንድና ባዶ ጓሮ የተገናኙበት ሰፈር ሰላም የለውም። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፣ ዕድር ይመራል፣ ሬዲዮ ታቅፎ ከዜና አንባቢ ጋር ይሟገታል፤ ማንንም አይነካም። አፈር የያዘው ጡረተኛ ግን ዛር ከያዘው ይብሳል። ብቻውን ድኖ አይበቃውም፤ ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ዶሮና የጎረቤቱን ድስት ጭምር ካላዳነ እንቅልፍ አይወስደውም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ይነገራት፤ ወይዘሮ ጌጤ ዛሬውኑ ዕቃዋን ጭና ትገባበታለች።

ለአርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭም ለሲቀላ ሰፈር፣ ከሲቀላም ተመርጦ ለወይዘሮ ጌጤ አጥር የተመደቡት ክቡር አቶ ኤርጫፎ ናቸው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ የቆርቆሮው በር ሦስት ጊዜ ይመታል። ጌጤ ነጠላዋን አጣፍታ ስትከፍት አቶ ኤርጫፎ ቢጫ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ልጣጭ አለ?»

እንደምን አደርሽ የለ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ። ሰላምታው ከልጣጩ በኋላ ይመጣል፤ እሱም ልጣጩ ከበረከተ ነው። የሙዝ፣ የድንችና የጎደሬ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ ለጓሯቸው ብስባሽ ይቀበላሉ። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ግን «ትሎቼ አይወዱም» ብለው እዚያው በሩ ላይ ለቅመው ይመልሱላታል። ሰው ቆሻሻውን በነጻ ሰጥቶ ቆሻሻው ይመረጥበታል! አንድ ቀንማ ባልዲውን ይዘው ተመልሰው መጡና አንዲት ዘይት የነካት የሩዝ ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ «ጌጤ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሏት። ፍርድ ቤት የቆመች መስሏት ደነገጠች፤ በመደንገጧ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትናደድ ዋለች።

ጓሯቸው ውስጥ ባዶ መሬት ማየት ነውር ነው። «አፈር ራቁቱን አይሄድም» ይላሉ። አፈሩን ለማልበስ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ቅጠልና ግንድ በእጅ ጋሪ ያመላልሳሉ። ያ አልበቃ ሲል ማጭዳቸውን ይዘው የመንገዱን ዳር፣ የቦዩን አፋፍ፣ የሰውን ደጅ ሳይቀር ያጭዳሉ። ከሳቸው ቤት እስከ ዋናው መንገድ አንድ ጭብጥ ሳር አይገኝም። የሰፈሩ በጎች አፍ ቢኖራቸው ኖሮ ቀበሌ ሄደው ይከሱ ነበር።

ይሄ ሁሉ ድካም ያፈራው ጎመን ደግሞ ወንፊት ነው። ትል ያልበሳው ቅጠል አይገኝበትም። እሱኑ በክብር አስረው ያመጡላታል፤ እሷም የቅጠሉን ቀዳዳ በጣቷ እያሳየች «ምነው ጋሽ ኤርጫፎ፣ ይሄን እኮ ተበልቶ ያለቀ ነው ያመጡልኝ» ስትላቸው፣ የማይለወጠውን መልሳቸውን ይሰጣሉ። «ትል ያመነውን ሰው ምን ብሎ ይጠራጠራል?» ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ጌጤ ጎመኑን ጨው ባለው ውኃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ልጇ ውቢት አጠገቧ ቁጭ ብላ የሚንሳፈፉትን አማኞች ትቆጥራለች።

የሕክምናቸውን ነገር ተዉት። ለጉንፋን ሽፈራው፣ ለደም ግፊት ሽፈራው፣ ለጨጓራ ሽፈራው፣ ለተሰበረ ልብም ሽፈራው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቃት የመጣች እህቷ ይሄንኑ ሦስት ቀን ስትሰማ ሰንብታ፣ «ይሄ ዶክተር ሽፈራው ግን ክሊኒኩ የት ነው?» ብላ ጠየቀች። አቶ ኤርጫፎ አጥር ላይ የበቀለውን ዛፍ በጣታቸው አሳዩዋት። የዚያን ዕለት ማታ እህትየዋ ቅጠሉን ተቀቅሎላት በላች፤ ወደደችውም፤ ጌጤ እህቷንም ተቀየመቻት።

ከሁሉ የከፋው ጀሪካኑ ነው። አቶ ኤርጫፎ ለተባይ መከላከያ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ አመድና የላም ሽንት ቀላቅለው ሁለት ሳምንት ያስቀምጡታል። የት? በጋራው አጥር ሥር፣ ልክ ከጌጤ ማንጎ ጥላ ውስጥ። «ጥላ ይፈልጋል» ይላሉ። ጥላው የኔ፣ ሽታውም የኔ! «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ የተረተው ሰው ከአቶ ኤርጫፎ አጠገብ ኖሮ አያውቅም፤ ይሄን ጌጤ ትምልበታለች።

ማንጎው ግን ቀልድ አይደለም። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ካሱ ነው የተከለው፣ ውቢት የተወለደች ሳምንት። ካሱ ከሞተ በኋላ ጌጤ የቤቱን ቀለም ለውጣለች፣ አልጋውን ሸኝታለች፣ ኮቶቹን ለዘመድ ሰጥታለች። ማንጎውን ግን አልነካችውም። አመሻሽ ላይ በርጩማዋን ይዛ ከሥሩ ትቀመጣለች፤ የቀኑን ወሬ በልቧ ታወራዋለች። ይሄን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

አምናና ካቻምና ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት፤ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ፍሬው ገና በጥሬው ይረግፍ ጀመር፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ይደርቅ ያዘ። ያየው ሁሉ «ወይ አስረጪው፣ ወይ አስቆርጪው» አላት። ማስቆረጡን ማሰብም አልቻለችም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ በየጓሮው የሚሠራውን አጵሎስን ከላንቴ መንደር አስጠራችው። ልብሷን ከገመድ አነሳች፣ ዶሮዎቹን ዘጋች፤ አጵሎስም መድኃኒቱን በውኃ መበጥበጥ ጀመረ።

በአጥሩ ላይ የአቶ ኤርጫፎ ራስ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት ነው» አለች ጌጤ።

«መድኃኒት ያድናል። ያ ማንን ያድናል?»

«ማንጎዬን! እርስዎ ለጀሪካንዎ ጥላ ብለው እንጂ የኔ ዛፍ ምንዎ ነው?»

አቶ ኤርጫፎ ሲረጋጉ አማርኛቸው እንደ መምህር ነው። ሲቆጡ ግን በጋሞኛ ነው የሚቆጡት፤ አማርኛው ከኋላ እየሮጠ ይደርስባቸዋል፣ ወንድና ሴትም መንገድ ላይ ይቀያየራሉ። «አንተ ጌጤ፣ ተው አልኩህ!» ብለው ጮኹ።

«መጀመሪያ አንቺ ይበሉኝ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ራሳቸው ከአጥሩ ላይ ጠፋ። አሸነፍኩ ብላ ደስ አላት፤ ደስታው ግን አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልቆየም። የቆርቆሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተና አቶ ኤርጫፎ ገቡ። በሁለት እጃቸው አረንጓዴ እስር ይዘዋል። ቀጥ ብለው ሄደው ከማንጎው ሥር፣ አጵሎስ ፊት፣ ተንበረከኩ።

በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገር አለቀ። ዱላ የያዘ ይጥላል፤ ደም የፈለገ ይመለሳል። ሳሩን ተራምዶ የሚያልፍ ሰው አልተወለደም። ለማንጎ ተባይ ሲባል ሳር ሲያዝ ግን ጌጤ በስልሳ ዓመቷ አላየችም፤ አልሰማችምም። አጵሎስ መርጫውን ከጀርባው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆነሃል? ቀጥል እንጂ!» አለችው።

«እትዬ፣ ሳር እኮ ነው።»

ጌጤ ጠጋ ብላ አየች። ሽታው ቀድሞ አፍንጫዋን መታት። «ይሄ ሳር አይደለም! ጠጅ ሳር ነው! ሻይ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይዞ ሽምግልና አለ እንዴ? የታለ ሳሩ?»

ሳሩማ የለም። የካቲት ነው፣ ሜዳው ደርቋል፤ የቀረችውን እርጥብ ሳር ደግሞ እኚሁ ሽማግሌ አጭደው አፈራቸውን አልብሰዋታል። በጓሯቸው አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ሳር ቢኖር ለተባይ ማባረሪያ ብለው በዙሪያው የተከሉት ጠጅ ሳር ብቻ ነበር።

አጵሎስ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ስሙ ውስጥ ሳር አለ» አለ። «እኔ አላልፈውም።»

ጌጤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት አቶ ኤርጫፎ ቀና አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ወንድና ሴቱ ግን ገና እንደተቀያየረ ነው።

«ሠላሳ ዓመት በጥጥ እርሻ የመድኃኒት መጋዘን ያዥ ነበርኩ። በርሜሉን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ በዚህ እጅ። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ሁለቱን ቀበርኩ። በምን እንደሞቱ አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። ይሄን ሳል ግን ከዚያ ነው ይዤ የመጣሁት። የኔ ጎመን ይቅር፤ መርዙ አጥር ተሻግሮ ይግደለው። ማታ ማታ ከዚህ ዛፍ ሥር የምትቀመጠው አንተ ነህ፣ ጌጤ። አንተ ነህ የምትተነፍሰው።»

ጌጤ ያን ጊዜ «አንቺ ይበሉኝ» አላለችም።

«አንድ ዓመት ስጠኝ» አሉ። «ካልዳነች እኔው ራሴ በመጥረቢያ እቆርጣለሁ።»

አጵሎስ መርጫውን ይዞ ወደ ላንቴ ተመለሰ። ጌጤ ጠጅ ሳሩን አልመለሰችም፤ አመሻሽ ላይ ሻይ አፈላችበት። ጥሩ ሻይ ነበር፤ ይሄም አናደዳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የመከራ ዓመት ነው። አቶ ኤርጫፎ የታመመውን ቅርንጫፍ እየቆረጡ አቃጠሉ። በሳምንት ሦስት ቀን በራሷ መሰላል፣ በራሷ ጨርቅ፣ ሳሙና በበጠበጡበት ውኃ የማንጎውን ቅጠል አንድ በአንድ አጠቡ። የሰፈሩ ሕፃን እንኳ እንዲህ አይታጠብም። እሷ ከታች መሰላሉን ይዛ ትሳደባለች፤ እሳቸው ከላይ እየሳሉ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ። ሥሩን በዚያ በከበረ ብስባሻቸው ከበቡት። ጥር ላይ ማንጎው አበበ። ሚያዝያ ላይ ጌጤ ማንም ሳያያት አንጋጣ ቆጠረች፤ አርባ ሦስት ፍሬ። ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ነገር ጨርሶ አልጠፋም፤ ፍሬው ግን ይዟል፣ አልረገፈም። ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጨነቃት። ክፉ ጎረቤት ይቻላል፤ ትክክል ሆኖ የተገኘ ጎረቤት ግን በምን ይቻላል?

ግንቦት ሲገባ ካምባ ያለችው እህታቸው አረፈችና አቶ ኤርጫፎ ለለቅሶ ሄዱ።

የመጀመሪያውን ቀን ጌጤ እስከ ሁለት ሰዓት ተኛች። ተመስገን አለች። በሁለተኛው ቀን ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ተከፈተ፤ ጆሮዋም በሩ ላይ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የልጣጩ ዕቃ ሞላ። ቆሻሻው ላይ ደፋችውና መልሳ ለቀመችው፤ አልሆንልሽ አላት። ሰውን ልጣጭ አስለምዶ መጥፋት ምን የሚሉት ግፍ ነው? በሳምንቱ ከማንጎው ራቅ ብላ ጉድጓድ ስትቆፍር ውቢት ደረሰችባት።

«እማዬ፣ ምን እየቀበርሽ ነው?»

«ዝም ብለሽ የሙዝ ቅጠል አምጪልኝ። አፈር ራቁቱን አይሄድም።»

ውቢት ትክ ብላ አየቻት። ጌጤ ከአፏ የወጣውን ሰምታ ፊቷን አዞረች።

በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው ማንጎ በሰለ። ውቢት እጇን ብትዘረጋ «እጅሽን ሰብስቢ! ባለቤት አለው» ተባለች። ጌጤ ማንጎውን በሳህን አድርጋ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመት የሆነው ሰው፣ ያ ሳል፣ የካምባ ብርድ። አሁን የተናደደችው ፈርታ ነው፤ እሷም አውቃዋለች። ያን አመሻሽ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ለካሱ የነገረችው ይሄንኑ ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። ጌጤ ጫማዋን ሳታደርግ ሮጣ ከፈተች። አቶ ኤርጫፎ ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል። ባልዲው በእጃቸው ነው።

«ልጣጭ አለ?»

«አንተ ሰውዬ! ስልክ የሚባል ነገር የለህም?» ብላ አንባረቀችባቸው፤ በጎረቤትነት በኖሩበት ዘመን ሁሉ እርስዎ ብላ የኖረችው ሴትዮ። ከዚያ እንባዋ መጣና በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። «እግዜር ያጽናህ» አለች፣ ቁጣዋ ሳይበርድ።

«አሜን» አሉ አቶ ኤርጫፎ። ቆይተው ደግሞ፣ «ልጣጩስ?»

«የለም! ለራሴም አልበቃኝ።»

አቶ ኤርጫፎ በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ። የሙዝ ቅጠል የለበሰውን ጉድጓድ አዩ። ሳላቸው መጣባቸው፣ ወይም ሳቃቸው፤ ሁለቱ በሳቸው ዘንድ አይለዩም። ጌጤ ገብታ ማንጎውን አምጥታ አስጨበጠቻቸው። አገላብጠው አዩት። ከጎኑ አንዲት ቀዳዳ አለችው።

«ትል አምኖታል» አሉ።

«አትለፍልፍ፣ ብላ!»

እዚያው በሩ ላይ ቆመው በጥርሳቸው እየላጡ በሉት፤ ጭማቂው በጢማቸው ላይ ወረደ። ሲጨርሱ ልጣጩን ሰብስበው ወደ ቢጫው ባልዲያቸው እጃቸውን ሰደዱ። የጌጤ የልጣጭ ዕቃ ግን ቀድሞ ከእጃቸው ሥር ተደቅኖ ነበር።

«የኔ ማንጎ ልጣጭ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች። «ወዲህ በል!»