ወይዘሮ ዶሪን እና የሚመጡት አሜሪካኖች

በየስታዲየሙ፣ ሰው ሁሉ ጨዋታ ሊያይ ሲመጣ የጨዋታውን ቀብር ሊጠብቅ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። የቶሮንቶ ጎረቤት የሆነችው የእኛዋ ሃሚልተን ይህን ሹመት ለክብርት ወይዘሮ ዶሪን ፔትራክ ሰጥታለች። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር ናቸው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ኳስ አይቻለሁ፤ ኳስ ስል ታቅፈዋት የሚሮጡትን፣ እንቁላል የምትመስለዋን ማለቴ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሳይፈሩ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሽንፈት አይደለም የሚያስፈራቸው። እሱንማ ለምደነዋል። የሚፈሩት አሜሪካኖችን ነው። የድንበር ማዶው ታላቅ ሊግ አንድ ቀን ሐይቁን ተሻግሮ ቶሮንቶ ላይ ቡድን ያቋቁማል፤ ያን ቀን የአገራችን ትንሽ ሊግ አለቀለት።

“እኛ ኳሷን ወደፊት ለመግፋት ሦስት ሙከራ ነው ያለን፤ እነሱ አራት” ይላሉ። “አራት የለመደ ልጅ ወደ ሦስት ይመለሳል? አይመለስም!”

የአሜሪካ ታርጋ ባዩ ቁጥር ክርኔን ጎሰም አድርገው “መጡ!” ይሉኛል። አንድ ጊዜ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ የስታዲየሙን በር ፎቶ ሲያነሳ ደረሱበት። ታርጋው የኒው ዮርክ ነው። መኪናቸውን ፊቱ ገትረው ወረዱ።

“ማን ላከህ?”

“እህቴ ምጥ ይዟታል እማማ! ሆስፒታሉ ጠፍቶኝ ነው፤ የቆምኩበትን ለባሏ ልልክለት ነው።”

“ታዲያ ምን ትገተራለህ? ተከተለኝ!”

እየመሩ እስከ ማዋለጃው በር አደረሱት። በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ “ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል” ብለው አበሰሩኝ። ቀጥለውም “አጎትየው ግን የቡፋሎ ሰው ነው፤ ከድንበር ማዶ!” ብለው ተከዙ።

እኔ እስቅባቸው ነበር። ቶሮንቶ ለእነሱ የሚበቃ ስታዲየም እንደሌላት፣ ባለሀብቶቹም ከራሳቸው ከተሞች ይልቅ እኛን የሚመርጡበት ምክንያት እንደሌለ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን “ይሄን ሁሉ ፍርሃት ግን ከየት አመጡት?” አልኳቸው።

“ስታንኮ፣ ብረት ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠራ” አሉ፤ ስታንኮ ሟች ባለቤታቸው ናቸው። “አንድ ሰኞ ሁለት ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ለኩ። በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው። ‘ሊያስፋፉት ነው’ ብሎኝ እየሳቀ ገባ። በዓመቱ ዘጉት።”

ከዚያ በኋላ ሳቄ እንደ ድሮው አልወጣልኝም።

ባለፈው መኸር ወሬው በረታ። እንዲያውም ስማቸውን በቅጡ ያልነገሩን ባለሀብቶች “የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ” በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው አማካሪ የቶሮንቶን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራ። “ምንም የተወሰነ ነገር የለም” አለ፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገመው።

ወይዘሮ ዶሪን ሦስት ቀን ሲጽፉት የሰነበቱትን ወረቀት ይዘው ተነሡ። ዳኛን ከላይኛው ረድፍ ሆነው የሚያሸማቅቁት ሴትዮ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ቆይተው ቁጭ አሉ። አማካሪው አመሰገናቸው። እኔ፣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ የምሞላው ሰው፣ ተነሥቼ አንድ ቃል ልናገርላቸው እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር፤ በእኛው ሊግ ካለው የቶሮንቶ ቡድን ጋር። ሁልጊዜ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚገኙት ሴትዮ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የሉም። ባዶውን ወንበር ዝናቡ ሲመታው አይቼ መቀመጥ አቃተኝ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

“አሞዎታል?”

“ደህና ነኝ። ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ነው።”

“ምኑን?”

“አለመሄዱን። ስታንኮ አልተዘጋጀም ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ መሄጃ አጣ። እኔ ግን ሲወስዱብኝ ለምጄ መጠበቅ እፈልጋለሁ።”

ስታዲየሙ አይበቃም፣ አሜሪካኖች አይመጡም ብዬ የማውቀውን ማስረጃ ሁሉ ልደረድር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“ወይዘሮ ዶሪን፣ እኔም እፈራለሁ። ከርስዎ አጠገብ ስሆን ግን የሚፈሩልኝ እርስዎ ስለሆኑ ጨዋታ አያለሁ። ዛሬ ብቻዬን ምን አያለሁ?”

ቀና ብለው አዩኝ። “አስራ ዘጠኝ ዓመት ‘አልፈራም’ ብለህ ፎክረህብኝ?”

“አስራ ዘጠኝ ዓመት።”

“ፈሪ!” አሉና ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሡ። “ካፖርቴን አቀብለኝ። በአንተ የተነሳ መጀመሪያው አመለጠን።”

በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ወይዘሮ ዶሪን ዳኛውን፣ የዳኛውን መነጽር፣ መነጽሩን የሸጠለትን ሰው ሳይቀር ሰደቡ። ስለ ቶሮንቶ የተወሰነ ነገር እስከ ዛሬ የለም፤ ስልኬ ዜና ይዞ ሲጮህ ግን ልቤ ድንግጥ ይላል። የእርሳቸው በሽታ ተጋብቶብኛል፤ ማስታመሙን ግን ብቻዬን አልችለውም።

የዚያን ቅዳሜ ከስታዲየሙ ስንወጣ በረዶ ጀምሮ ነበር። ክንዴን ይዘው ደረጃውን እየወረዱ፣ ሊጉ እስከሚቀጥለው ዓመት ይኑር አይኑር ማንም ሳያውቅ፣

“ሰኔ ላይ ሲጀመር በስንት ሰዓት ነው የምትወስደኝ?” አሉ።

“ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት።”

“ሁለት ሰዓትማ ይረፍድብናል” አሉኝ።